ግሉተን የሌለበት ፓስታ ከሰፈራችን ግሮሰሪ እንዴት እንደሚገዛ፣ ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሐበሾች

ቤት ውስጥ ሴልያክ፣ ማለትም ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ፣ ያለበት ሰው ካለ መጀመሪያ የሚናፍቀው ነገር ፓስታ ነው፣ በተለይ ልጅ ከሆነ። እንጀራው በጤፍ ይስተካከላል፣ ዳቦውን ይተዉታል፣ ፓስታ በስጎ ግን እኛ ቤት ደክሞን ከሥራ ስንገባ የምንጥደው እራት ነው፣ ጠዋት ለትምህርት ቤት የሚቋጠረውም እሱው ነው። ደስ የሚለው ግሉተን የሌለበት ፓስታ አሁን እዚህ አካባቢ ትልልቅ ግሮሰሪዎች ሁሉ ጋ አለ፣ ግን ከስንዴው ጎን ተደርድሮ፣ ሳጥኑም ተመሳስሎ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው የስንዴውን አንስቶ ይሄዳል። እኔ ልጄ ሴልያክ አለባት ከተባለ ጀምሮ በየሳምንቱ የምገዛው ስለሆነ የማውቀውን በተራ በተራ እጽፍላችኋለሁ፣ ለእናት ለአባቶቻችሁም አንብቡላቸው፣ ብዙ ጊዜ ግሮሰሪ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

1ኛ፣ ስንዴ ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ

ሆዴ ይነፋኛል፣ ዳቦ አይስማማኝም ብላችሁ በራሳችሁ ጊዜ ስንዴ ልታቆሙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። ዶክተራችሁ የሚያዘው የሴልያክ የደም ምርመራ በትክክል የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ነው፣ ብዙ ሳምንት አቁማችሁ ከሄዳችሁ በሽታው እያለባችሁ የለም ሊላችሁ ይችላል፣ ከዛ በኋላ ተመልሳችሁ ለሳምንታት ስንዴ ብሉ ትባላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ለታመመ ሰው ስቃይ ነው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዛ ፓስታ።

2ኛ፣ ምን እንደምትሸሹና ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ግሉተን ማለት ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴልያክ ያለበት ሰው ሲበላው ሰውነቱ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል፣ ትንሽ ብትሆንም ትጎዳለች፣ ስለዚ "ዛሬ ብቻ ትንሽ ቅመሽ" የሚባል ነገር የለም፣ ይሄንን በተለይ አያቶች እንዲገባቸው ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

የተለመደው ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ስንዴ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ሴሞሊና ብለው ይጽፉታል። ቡናማው ሆል ዊትም ስንዴ ነው፣ አረንጓዴው የስፒናች ፓስታም ስንዴ ነው፣ ኦርጋኒክ የሚለውም ስንዴ ነው፣ ከጣልያን ቀጥታ የመጣ ውዱ ፓስታም ስንዴ ነው። ኩስኩስ ስንዴ ነው፣ ሩዝ የሚመስለው ኦርዞም ስንዴ ነው። ስፔልት፣ ፋሮ፣ ካሙት፣ አይንኮርን የሚባሉት ደግሞ ስማቸው ለየት ስላለ ሌላ እህል ይመስላሉ እንጂ ሁሉም የስንዴ ዘር ናቸው።

የምትፈልጉት ከበቆሎ፣ ከሩዝ፣ ከሽምብራ፣ ከምስር፣ ከኪንዋ ወይ ከካሳቫ የተሠራውን ነው። ለኛ ስጎ ምርጫዬን ልንገራችሁ። በቆሎና ሩዝ የተቀላቀለበት ወደ ድሮው ፓስታ በጣም ይቀርባል፣ እንግዳ ቢበላው ላያውቀው ይችላል፣ ለጀማሪ ቤት ከሱ ጀምሩ። የቡናማ ሩዙ ጥሩ ነው ግን ብዙ ከበሰለ ይላቆጣል። የሽምብራና የቀይ ምስሩ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ያጠግባል፣ ጣዕሙ ግን ሽሮ ሽሮ ይላል፣ እኔ እወደዋለሁ፣ ልጄ ግን ቀይ ስጎ ካልበዛበት አትነካውም።

3ኛ፣ ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ

የምትሄዱበትን ግሮሰሪ አፕ ክፈቱና የምትገዙበትን ቅርንጫፍ መርጣችሁ "ግሉተን ፍሪ ፓስታ" ብላችሁ ፈልጉ። ዋልማርትና ታርጌት ስንተኛው አይል ላይ እንዳለ ጭምር ይነግሯችኋል። አንዱ ቅርንጫፍ ያለው ሌላው ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚ ቅርንጫፉን መምረጥ አትርሱ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ አፑ ፍለጋው ውስጥ ግሉተን ያለበትንም ቀላቅሎ ያመጣል፣ አፑ ስላመጣው ብቻ ኦርደር አታድርጉ፣ ፎቶውን አስፉና አንብቡ። ሌላ ሰው የሚገዛላችሁ ከሆነ ደግሞ "ከሌለ ሌላ አትተካ" የምትለዋን ምረጡ፣ ገዢው በቅንነት የስንዴውን ተክቶ ያመጣዋል።

4ኛ፣ ግሮሰሪው ውስጥ የት እንደሚቀመጥ

ሦስት ቦታ ፈልጉ። አንደኛው የተለመደው ፓስታ አይል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ጫፍ ላይ ወይ ከላይኛው መደርደሪያ፣ አንዳንድ ቦታ ከዋጋው ወረቀት ጎን ትንሽ የግሉተን ፍሪ ምልክት ይለጠፋል። ወረቀቱን ግን አትመኑ፣ ሰው አንስቶ አይቶ ያለቦታው ስለሚመልስ ከምልክቱ ኋላ የስንዴ ሳጥን ቆሞ ይገኛል። ሁለተኛው ኦርጋኒክና ናቹራል የሚባሉትን ለብቻ የሚያስቀምጡበት አይል ነው። ሦስተኛው ፍሪዘር ነው፣ ግሉተን የሌለበት ራቪዮሊና ላዛኛ እዛ ነው ያለው፣ እነዚህ እንቁላልና አይብ ስላለባቸው ለጾም አይሆኑም። ካጣችሁት ሠራተኛውን ጠይቁ፣ "ጤናማ ፓስታ" አትበሉ፣ ሆል ዊት ነው የሚያሳያችሁ፣ "ግሉተን ፍሪ" በሉ በቃ።

5ኛ፣ ሳጥኑን ገልብጣችሁ አንብቡ

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይሄንን ነው። የሳጥኑ ፊት ማስታወቂያ ነው፣ እውነቱ ያለው ጎኑና ጀርባው ላይ ነው።

መጀመሪያ የምትፈልጉት "ግሉተን ፍሪ" የሚለውን ቃል ራሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ምግብና መድኃኒት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤፍ ዲ ኤ በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት ይሄ ቃል የተጻፈበት ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ግሉተኑ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት፣ ዝም ብሎ የሚለጠፍ ቃል አይደለም። ከሱ ላይ "ሰርቲፋይድ ግሉተን ፍሪ" የሚል ማህተም ካለበት ደግሞ ሌላ ድርጅት መርምሮታል ማለት ነው፣ የታወቀው የጂ ኤፍ ሲ ኦ ማህተም ከ10 ሚሊግራም በላይ አይፈቅድም። ለልጅ ስትገዙ ማህተም ያለበትን ብታስቀድሙ እመክራለሁ።

"ዊት ፍሪ" የሚል ብቻ ካያችሁ መልሱት። ስንዴ የለበትም አለ እንጂ ገብስና ራይ የለበትም አላለም። የአሜሪካ የአለርጂ ሕግ ፋብሪካውን በግልጽ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ስንዴን ነው፣ ገብስና ራይ እዛ ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ ስለዚ ከታች በደማቁ "ኮንቴንስ" የሚለው መስመር ላይ ዊት ስለሌለ ብቻ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ሞልት የሚለውን ቃል በተለይ ያዙት፣ ብዙ ጊዜ ከገብስ ነው።

አሁን መደርደሪያው ፊት ቆማችኋል እንበል። ባሪላን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሪላ ግሉተን ፍሪ የሚለው ሳጥን አለ፣ ከበቆሎና ከሩዝ ዱቄት ነው፣ ጥሩ ነው። ባሪላ ቀይ ምስርና ባሪላ ሽምብራ የሚሉም አሉ፣ ኢንግሪዲየንቱ ላይ የምስር ዱቄት ወይ የሽምብራ ዱቄት ብቻ ነው የምታዩት፣ እነሱም ጥሩ ናቸው። ከዛ አጠገብ ግን ቢጫው ባሪላ ፕሮቲን ፕላስ አለ፣ እሱም ምስርና ሽምብራ አለበት፣ ሰው ምስር ሲያይ ያው ነው ብሎ ያነሳዋል፣ ገልብጣችሁ ስታነቡት ግን መጀመሪያ የተጻፈው ሴሞሊና ነው። ስንዴ ላይ ምስር የተጨመረበት ማለት ነው። ኢንግሪዲየንት የሚጻፈው በክብደት ስለሆነ ብዙ ያለው ይቀድማል፣ ትንሽ ያለው ኋላ ይመጣል፣ ስለዚ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ። ጆቪያል የሚባለው ስምም እንደዛው ነው፣ የቡናማ ሩዝና የካሳቫ ፓስታቸው ግሉተን የለበትም፣ በዛው ስም የሚሸጡት የአይንኮርን ፓስታ ግን ስንዴ ነው። ስሙን አምኖ የሚገዛ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

"ስንዴ በሚፈጭበት ፋብሪካ የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ብታዩስ? ግሉተን ፍሪ የሚለው ቃል ካለበት ከ20 በታች የመሆን ግዴታው አለበት፣ ብዙ ሰው ይበላዋል፣ እኔ ግን ሌላ ምርጫ እስካለ ድረስ እተወዋለሁ። ጭራሽ ግሉተን ፍሪ ሳይል ኢንግሪዲየንቱ ሩዝ ብቻ የሆነ ደግሞ አለ፣ እሱን ለሴልያክ አትግዙ፣ የስንዴ ዱቄት ባለበት ማሽን ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የምታውቁትን ሳጥንም ቢሆን በየጊዜው አንብቡት፣ ፋብሪካዎች ሳይናገሩ አሠራሩን ይቀይራሉ።

6ኛ፣ የትኛው ግሮሰሪ ምን አለው

ጃየንት፣ ሴፍዌይና ሃሪስ ቲተር ጋ ባሪላና ባንዛ ብዙ ጊዜ አይጠፉም፣ ባንዛ የሽምብራው ነው፣ ሴል ሲኖር ሰብስባችሁ ያዙ፣ ደረቅ ፓስታ ቶሎ አይበላሽም። ዌግማንስ ያለው ሰፈር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ የራሱ ስም ያለበት ግሉተን ፍሪ ፓስታ አለው፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። ትሬደር ጆስ የቡናማ ሩዝና ኪንዋ ፓስታው ተወዳጅ ነው። አልዲ ሊቭ ጂ ፍሪ በሚል ስም የሚሸጠው ከርካሾቹ ነው፣ ዋልማርትም ግሬት ቫልዩ የሚለው አለው። ኮስትኮ በጅምላ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ስታገኙት ግዙ እንጂ ሁሌ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ኤዥያ ግሮሰሪዎች፣ እንደ ኤች ማርት ያሉት ጋ ደግሞ የሩዝ ኑድል አለ፣ ለአትክልት ፓስታ ሰፋ ሰፋ ያለው በጣም ያምራል። እዛ ጋ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፣ ሶባ የሚባለው ቡናማ ኑድል ባክዊት ከሚባል ግሉተን የሌለው እህል ነው ቢባልም አብዛኛው ስንዴ ተቀላቅሎበታል፣ የተለመደው ሶይ ሶስም ስንዴ አለበት።

7ኛ፣ የሐበሻ ሱቅ

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉት ሱቆቻችን ውስጥ ያለው ፓስታና መኮሮኒ፣ ከአገር ቤት የመጣውም ጭምር፣ የስንዴ ነው። እዛ የምትፈልጉት የጤፍ ዱቄትና እንጀራ ነው፣ ፓስታ ባይሆንም እዚህ ጋ ካላነሳሁት አይሆንም፣ ምክንያቱም ፓስታውን ሁሉ አስተካክሎ በእንጀራ የሚታመም ሰው አለ። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፣ እዚህ የሚሸጥ እንጀራ ግን ብዙው ጤፍ ብቻ አይደለም። "ጤፍ ነው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው፣ ጤፍ እኮ አለበት። እንዲህ ጠይቁ፦

"እትዬ፣ ይሄ እንጀራ ከጤፍ ሌላ ምን ገብቶበታል?"

"ጤፍ ነው የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።"

"ገብስ ወይ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት አልተጨመረበትም? ልጄን ስለሚያማት ነው።"

"እንዴ፣ እሱማ ትንሽ አለው፣ እንዲለሰልስ። ለታመመ ከሆነ ያኛውን ውሰጂ።"

ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት ነው። ልጄን ያማታል ስትሉ ማንም እናት አትደብቃችሁም። ያንኛውንም ቢሆን ፓኬቱን አንብቡ። ከአገር ቤት የሚላክላችሁ ዱቄት ደግሞ ሌላ ነገር አለው፣ ሽሮውም በርበሬውም ጤፉም ብዙ ጊዜ ስንዴና ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ ነው የሚፈጨው፣ ቤተሰብ በፍቅር የላከውን መጣል ቢከብድም ለሴልያክ ሰው ለይታችሁ አስቀምጡ። አጃ የሚባለውንም አትስጡት፣ አገር ቤት አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ የስንዴ ዘር ነው። በሶና ቅንጬ መቼም የታወቁ ናቸው።

8ኛ፣ ዋጋውን በሳጥን አታወዳድሩ

የተለመደው የስንዴ ፓስታ ሳጥን ብዙ ጊዜ 16 አውንስ ነው፣ 454 ግራም። የባሪላ ግሉተን ፍሪ 12 አውንስ ነው፣ የባንዛ ደግሞ 8 አውንስ፣ ግማሹ ማለት ነው። ስለዚ ሁለት ሳጥን ተመሳሳይ ዋጋ ቢኖራቸውም አንደኛው ለአራት ሰው፣ ሌላው ለሁለት ሰው ነው። ከዋጋው ወረቀት ጥግ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን የአንድ አውንስ ዋጋ እሱን አወዳድሩ። ፉድ ስታምፕ ያላችሁ ሰዎች በሱ መግዛት ትችላላችሁ፣ እንደማንኛውም ምግብ ነው፣ አትፈሩ። አዲስ ዓይነት ስትሞክሩ ደግሞ አንድ ሳጥን ብቻ ግዙ፣ ልጁ ሳይወደው ስድስት ሳጥን ቤት ውስጥ እንዳይቀር።

9ኛ፣ አቀቃቀል

ይሄ ፓስታ እንደ ስንዴው አይደለም፣ ዱቄቱን አያይዞ የሚይዘው ግሉተን ስለሌለ ቶሎ ይፈራርሳል፣ ከገዛችሁት በኋላ "አይረባም" ብላችሁ እንዳትጥሉት እዚህ ጋ ልብ በሉ። ውሃው ይብዛ፣ ትልቅ ድስት ያዙ፣ ሲንተከተክ ጨው ጨምሩ። ፓስታውን ስትከቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አማስሉት፣ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ሳጥኑ 10 ደቂቃ ካለ 8 ላይ ቅመሱ። እኛ ፓስታ በደንብ ለስልሶ ነው የለመድነው፣ ይሄኛው ግን እስኪለሰልስ ከተጠበቀ ገንፎ ይሆናል፣ መሀሉ ትንሽ ጠንከር እንዳለ አውጡት፣ ስጎው ውስጥ ይጨርሳል። የሽምብራው አረፋ እያወጣ ስለሚገነፍል አትክደኑት፣ ጥላችሁትም አትሂዱ። ስጎው ፓስታው ከመጣዱ በፊት ደርሶ ይጠብቅ። ከውሃው አንድ ኩባያ አስቀርታችሁ ስጎው ላይ ጠብ ጠብ ብታደርጉበት ይያያዛል። ከቀጭኑ ስፓጌቲ ይልቅ የመኮሮኒ ዓይነቱ፣ ፔኔና ፉሲሊ ቅርጻቸውን ይይዛሉ፣ ለጀማሪ እነሱ ይሻላሉ።

ስጎው ውስጥ የሚገባውንም አንብቡ፣ አንዳንድ የሾርባ ኩብ ስንዴ አለበት፣ ፖልፔቴ ስትሠሩ የዳቦ ፍርፋሪ ይገባል፣ ለላዛኛው ነጭ ስጎ ደግሞ በፉርኖ ዱቄት ፋንታ ኮርን ስታርች ተጠቀሙ፣ ልዩነቱ አይታወቅም። ግሉተን የሌለበት የላዛኛ ቅጠል ባሪላም አለው፣ ለበዓል ሁለት ትሪ መሥራት የለባችሁም፣ ሁሉም ሰው ከዛው ይብላ።

ሁለት ዓይነት ፓስታ በአንድ ቀን የምትቀቅሉ ከሆነ ግሉተን የሌለበትን አስቀድሙ። ማጥለያው ለብቻው ይሁን፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚቀረው የስንዴ ፓስታ በመታጠብ በቀላሉ ላይለቅ ይችላል። የእንጨት ማማሰያም እንደዛው፣ እንጨት ስለሚመጥ አዲስ ገዝታችሁ እጀታው ላይ ቀይ ክር እሰሩበት፣ እንግዳ ኩሽና ገብቶ ሊረዳችሁ ሲል በዓይኑ ያየዋል። ምግብ ቤት ስትሄዱም የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ውሃው ይሁን፣ ግሉተን ፍሪ ፓስታ አለን ብለው ስንዴው በተቀቀለበት ውሃ የሚቀቅሉ አሉ።

10ኛ፣ ለነገ የሚቋጠረው

ፍሪጅ ያደረ የበቆሎና የሩዝ ፓስታ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ለትምህርት ቤት ከሆነ ማታ ስጎ በዛ አድርጋችሁ ለውሱት፣ ጠዋት ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ረጭታችሁ ሸፍናችሁ አሙቁት። ቴርሞሱን የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ትንሽ አቆዩትና ድፉት፣ ከዛ ትኩሱን ፓስታ ጨምራችሁ ግጠሙት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። የልጁን ስምና "ግሉተን ፍሪ" የሚለውን ክዳኑ ላይ ጻፉበት፣ ለአስተማሪዋም ከጓደኛ ምሳ ጋር እንዳይቀያየሩ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፣ በቃል የተነገረ ነገር ተተኪ አስተማሪ የመጣች ቀን ይጠፋል።